የፍተሻ ክፍሉ ቢጫ አምፖል

ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ባሏና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበሩ። ሌላው ሁሉ ዓይናማ ነው የሚላት፤ በዕድሜ የሚያንሷት ደግሞ እትዬ ዓይናማ። ስሙ እንዲያው አልወጣላትም። ተሸምኖና ቀለም ጠጥቶ የተጠቀለለ ጨርቅ ሁሉ ወደ ደንበኛ ከመሄዱ በፊት በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል። ጠረጴዛው ወደ ፊቷ ያዘነበለ ነው፤ ጨርቁ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ እሷ ቆማ ታያለች። የዘለለች ክር፣ የጠጠረች ቋጠሮ፣ የዘይት ጠብታ፣ ቀለም ያልጠጣ ቦታ፣ አንዷም አታመልጣትም። ጉድለት ባገኘች ቁጥር ዳሩ ላይ ነጭ ክር ትቋጥራለች። ጨርቁ ንጹሕ ከሆነ ጥቅሉን በመዳፏ መታ ታደርግና "ልክ ነው" ትላለች። እሷ ልክ ነው ካለች አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን ደግሞ አያይም።

የብርሃን ነገር ደግሞ ቀልድ አይምሰላችሁ። ዓይን አለኝ ብሎ መመጻደቅ ከንቱ ነው፤ ዓይን የሚያየው ብርሃን የፈቀደለትን ነው። ብርሃን ከጎን ሲመጣ ትንሿ ቋጠሮ ጥላ ትጥልና ራሷን ታጋልጣለች፤ ፊት ለፊት ሲመጣ ግን ልጥፍ ብላ ታልፋለች። ቀለም ከሆነማ ጣጣው ይብሳል። አምፖሉ ቢጫ ከሆነ ሰማያዊውን ይውጠዋል፤ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ አንድ ይሆናሉ። ዓይናማ ይህን ጠንቅቃ ስለምታውቅ ሥራዋን የምትሠራው ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት ትልቅ መስኮት ሥር ነበር። ግድግዳውን አመድማ አስቀብታለች፣ ራሷም አመድማ ጋውን ትለብሳለች፤ የደማቅ ልብስ ነጸብራቅ ጨርቁ ላይ አርፎ እንዳያታልላት ነው። አንድ ቀን አንዲት አዲስ ሙሽራ የሆነች ሠራተኛ ቀይ ሻርፕ አድርጋ ልትጠይቃት ብትመጣ በሩ ላይ አቁማ፣ "ወይ ሻርፑ ይውለቅ ወይ አንቺ ተመለሺ፤ ጨርቄን ታቀዪብኛለሽ" ብላ መልሳታለች። ሙሽራዋ እንዳኮረፈች ከረመች።

ባሏ ቀላሚ ነው፣ እዚያው ፋብሪካ። በየገንዳው ምን ያህል ሰማያዊ፣ ምን ያህል ጥቁር እንደሚገባ በልቡ ይዞ፣ ቁራጭ ጨርቅ ነክሮ እያወጣ "ይጨመር"፣ "ይበቃል" የሚል ሰው። አባቱም ቀላሚ ነበሩ። "ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ሲሉ እንሰማ ነበር፤ እናንተ ግን የተቀዳችሁት ከአንድ ገንዳ ነው" እያሉ ሠራተኞቹ ያሾፉባቸዋል። እውነትም ነበር። እሱ ይነክራል፣ እሷ ታያለች፣ ማታ አብረው ይገባሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው እርስ በርሳቸው ነው።

ነገሩ የጀመረው በካልሲ ነው። አንድ ጠዋት ባሏ አንዱን እግሩን ጥቁር፣ አንዱን ጥቁር ሰማያዊ አጥልቆ ቆሞ አገኘችውና ሳቀች። "ምን ያስቅሻል?" አላት። ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ፤ ምንም አልታየውም። ሳቋ ከንፈሯ ላይ ደረቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካልሲዎቹን ሁለት ሁለት አድርጋ አጣጥፋ ራስጌው ታስቀምጥለታለች። ሊወጣ ሲል እግሩን ያሳያትና "ልክ ነው?" ይላል፤ እሷም ትከሻውን መታ አድርጋ "ልክ ነው" ትለዋለች። የባልና ሚስት ጨዋታ አስመሰሉት፤ ሁለቱም ግን ጨዋታ አለመሆኑን ያውቁታል።

ከካልሲ ወደ ጨርቅ ሄደ። ጥቅሎቹ ላይ ነጭ ክር በዛ። ጥቁር ሰማያዊ ተብሎ ከታዘዘው አንዱ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፣ ሌላው ሰማያዊነቱ ይጮኻል።

"ዓይንህን ሐኪም ቢያየው" አለችው አንድ ምሽት። "ሞራ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ሞራ እኮ ይገፈፋል፤ ሰው ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ ነው።"

"ማነው ሞራ ያለበት?"

"እኔ እንጃ፣ ይታይ ነው ያልኩት።"

"የቀድሞው ዋና ቀላሚ ዓይኔን ልታከም ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሲመለስ ምን ጠበቀው? መጋዘን ገብቶ ጆንያ መሸከም። ድኖ እንኳ ገንዳው ጋ አላስጠጉትም፤ አንዴ ዓይኑን ታሟል ተብሏላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ጆንያ አልሸከምም። ያንን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።"

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ዓይናማም ተረቱን ታውቀዋለች፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ፍቅር ነው ልትሉ ትችላላችሁ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ፈሪነትም አለበት።

እንዲህ እንዳሉ ፋብሪካው ሰፋ። አዲስ መጋዘን ከመስኮቷ ፊት ለፊት ተገትሮ ብርሃኗን ደፈነው፤ ጠረጴዛዋም መስኮት ወደሌለው ውስጠኛ ክፍል ተዛወረ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ራሱ መጥቶ፣ "እትዬ፣ ጨለማ ውስጥ ላስቀምጥዎ አልፈልግም። የሚሻለውን መብራት እርስዎ ይምረጡ፤ የመረጡት ይሰቀላል። በዚህ ቤት ከእርስዎ ዓይን በላይ ዓይን የለም" አላት። የፊት ምስጋና ለኋላ ሐሜት ያስቸግራል ይላሉ፤ ይሄኛው አላስቸገረም፣ ትደርሱበታላችሁ።

የመብራት ሠራተኛው ሦስት አምፖል ይዞ መጣ። ለሙከራ ብሎ ከተደረደረው መሐል እጁ የገባለትን ሁለት ጥቅል ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋ። ሁለቱም ከባሏ ገንዳ የወጡ ነበሩ። መሰላሉ ላይ ወጥቶ የመጀመሪያውን አበራ፤ ቢጫ፣ ሞቅ ያለ፣ የመኝታ ቤት ዓይነት። ጨርቆቹ አንድ ሆኑ። ሁለተኛው ነጭ ነበር፣ ግን ሕይወት የሌለው፤ የእጇን ቆዳ የሬሳ አስመሰለው። ሦስተኛው ሲበራ መስኮቷ ተመልሶ የመጣ መሰላት። ነጩ ክር ነጭ፣ እጇ የራሷ እጅ፣ ሁለቱ ጨርቆች ደግሞ ሁለት። አንዱ የታዘዘው ጥቁር ሰማያዊ፣ ሌላው ጥላሸት።

"ይሄኛው ነው" አለ ሰውየው ከመሰላሉ ላይ። "ቀለምን እንደ ቀን ብርሃን የሚያሳየው ይሄ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ሌላ አይታሰብም። ለቋጠሮው ደግሞ ከጎን አንድ ትንሽ እጨምርልዎታለሁ።"

ዓይናማ ሁለቱን ጨርቆች እያየች ቆመች። ልክ ነበር ሰውየው። በዚህ ብርሃን ሥር ማንም ሰው፣ ጥበቃው እንኳ ቢሆን፣ የባሏን ስሕተት ያያል። በዓይነ ልቦናዋ ባሏን መጋዘን ውስጥ አየችው፤ ጀርባው ላይ ጆንያ፣ አንገቱ የተሰበረ።

"ቢጫው ይሁን" አለች።

"ምን አሉኝ?"

"ቢጫው። ቀኑን ሙሉ የምቆመው እኔ ነኝ። ይሄኛው ዓይን ይወጋል፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ራሴን ያዞረኛል።"

"እትዬ፣ በቢጫ እኮ ጥቁርና ሰማያዊ አይለይም።"

"ለአንተ አይለይ ይሆናል" አለችው።

ዓይናማን ስለ ማየት ማን ይከራከራታል? ሰውየው ቢጫውን ሰቅሎ መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ። እሷም ከዚያ ጠረጴዛ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸች።

ሐሳቧ ዓይኗን ጨፍና ልታሳልፍ አልነበረም፤ ይህንንም እወቁላት። ምሳ ሰዓት ሰው ሲወጣ የየጥቅሉን ጫፍ ደጃፍ ድረስ እየጎተተች በፀሐይ ታየዋለች። የባሰበትን "የዘይት እድፍ አለበት" ብላ እንዲታጠብና እንደገና እንዲነከር ትመልሳለች። ብልሃቱ ለጊዜው ሠራላት። ባሏማ ጭራሽ ደስ ብሎታል። "አየሽ፣ ስለ ቀለም ክር መቋጠር ተውሽ። ዓይንህን ሐኪም ይየው ስትዪኝ ነበር" አላት እየሳቀ። እሷም ሳቀች። ያቺን ሳቅ እንዴት እንደሳቀቻት የምታውቀው እሷ ናት።

ከዚያ አንድ ትልቅ ሆቴል ለበረኞቹ ጥቁር ሰማያዊ ኮት አዘዘ። በዚያው ሳምንት ዝናቡ ጀመረ። ሰማዩ ከጠዋት እስከ ማታ እንደጠቆረ ይውላል፤ ጨርቅ ደጅ ማውጣት የማይታሰብ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ቶሎ በሉ ይላል፣ ልብስ ሰፊዎቹ መቀስ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። "ዝናቡ እስኪያባራ ታገሡኝ" ብትል ምክንያቱን ይጠይቋታል። በቢጫው ብርሃን ሥር ጥቅሎቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ ሁሉም ያምራሉ። እያንዳንዱን መታ እያደረገች ልክ ነው፣ ልክ ነው አለች። ማታ እንቅልፍ እምቢ አላት።

ዝናቡ አባራ፣ የሆቴሉ በረኞችም አዲሱን ኮት ለብሰው ደጅ ፀሐይ ላይ ተሰለፉ። የአንዱ እጅጌ ጥላሸት፣ ደረቱ ሰማያዊ፤ የሌላው ጀርባው ሌላ፣ ኮሌታው ሌላ። አንድ እንግዳ ከመኪና ሲወርድ አይቷቸው፣ "እጅጌ ተዋውሳችሁ ነው እንዴ የለበሳችሁት?" አለ አሉ። ኮቶቹ በዚያው ቀን ተመለሱ።

ሥራ አስኪያጁ ግቢው መሐል ገመድ አዘርግቶ ኮቶቹን አሰቀለና ሠራተኛውን ሰበሰበ። መጀመሪያ ቀላሚውን ጠራ።

"ጋሼ፣ እስቲ ይዩት። እጅጌውና ደረቱ አንድ ነው?"

ቀላሚው ወደ ኮቱ ቀረበ። ዓይናማ ከሰው መሐል ሆና ታየዋለች። አንገቱን አዘነበለ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከዚያ በጣቱ ስፌቱን ዳሰሰ። የሚያይ ሰው ስፌት አይዳስስም። ግቢ ሙሉ ሰው የሚያየውን እሱ አላየውም፤ አላየሁም ማለት ደግሞ አቃተው።

"እንዴታ፣ ይታየኛል እንጂ" አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። ይሄ የማይታየኝ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያርገው።"

"ታዲያ ከእጅዎ ሲወጣስ?"

"ቀለም ነው፣ ይዛነፋል። ውሃው ይለዋወጣል፣ ሙቀቱ ይለዋወጣል። እኛ ፍጹም ብንሆን ፈታሽ ለምን ይቀመጣል? ፈታሿ ማየት ነበረባት።"

ፈታሿ አለ። ባለቤቴ አላለም። በዚያው ጠዋት ካልሲውን አጣጥፋ የሰጠችው ሴት ፈታሿ ሆነች። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

"ምን ትያለሽ?" አላት ሥራ አስኪያጁ። እርስዎ ማለቱ ያን ጊዜውኑ ቀርቷል።

ምን ትበል? መብራቱ ነው እንዳትል መብራቱን የመረጠችው ራሷ ናት። ባሌ አያይም እንዳትል ባሏ ፊቷ ቆሟል። "አላየሁትም" አለች። የመብራት ሠራተኛው ከኋላ ሆኖ መሬት መሬቱን ያያል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አንዷ "ድሮም ዝናዋ ነው" አለች፣ ያቺ የቀይ ሻርፗ ሙሽራ ደግሞ "ሻርፕ ስታይ ጊዜ ነዋ ጨርቁ ያመለጣት" ብላ ሰዉን አሳቀች። ዓይናማ ተባረረች፤ በነጋታው ጋውኗን አስረክባ ወጣች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ማታ ባሏ በር ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ቆየ። "ምን ላድርግ?" አለ ቀና ሳይል። "ሁለታችንም ከምንባረር አንዳችን እንትረፍ ብዬ ነው።"

እራት አቀረበች፣ በላ። እሷ መጉረስ አቃታት። ተቆጥታ ነበር፤ ቁጣዋ ግን በእሱ ብቻ አልነበረም። ያን ዕለት በሦስተኛው አምፖል ሥር እውነቱን ተናግራ ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ሞራው ተገፍፎ ነበር።

በእሷ ቦታ ከልብስ ስፌት ክፍል አንዲት ሴት ተተካች፤ ዓይኗ እንደማንኛውም ሰው ዓይን የሆነ ሴት። የመብራት ሠራተኛው ግን በመጀመሪያው ቀን ማንንም ሳይጠይቅ መሰላሉን ይዞ ገብቶ ሦስተኛውን አምፖል ሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ዓይናማ መሆን አላስፈለገም። በየጥቅሉ ዳር ነጭ ክር ይንጠለጠል ጀመር። ቀላሚው ይነክራል፣ ይመለስበታል፤ ደግሞ ይነክራል፣ ደግሞ ይመለስበታል።

አንድ ቀን ገና ከሰዓት ሳይገፋ ቤት መጣና ወንበር ላይ ዘፍ አለ። "አዲሱ መብራት ውሸታም ነው" አላት። "የሌለ ነገር ያሳያል። እነሱ ደግሞ ካላስተካከልክ መጋዘን ትወርዳለህ አሉኝ። ነይና አንቺ ንገሪያቸው። ቀለሙ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው በያቸው። የአንቺን ዓይን ያውቁታል።"

"ያውቁት ነበር" አለች። ተነሥታ ከመርፌ ዕቃዋ ሁለት ድውር ክር አወጣችና መስኮቱ ሥር እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "የቱ ነው ጥቁሩ?"

አንዱን ወደ ብርሃኑ አነሣ፣ ሌላውን አነሣ። በመጨረሻ "ሁለቱም" አለ።

"አንዱ ሰማያዊ ነው።"

ከዚያ ምንም ሳታስቀር ነገረችው። ሦስቱን አምፖሎች፣ ቢጫውን ለምን እንደመረጠች፣ የምሳ ሰዓቱን ጉተታ፣ ግቢው ላይ ስፌቱን ሲዳስስ እንዳየችው። እሱ ክሮቹን ጨብጦ ይሰማታል። አልተቆጣም፤ እንዲያውም አንዴ ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰላት።

"ነገ አብረን እንሂድ" አለችው። "እኔ መብራቱን አውቄ እንዳበላሸሁ እናገራለሁ። አንተ ያን ቀን ልዩነቱ እንዳልታየህ ተናገር። ያቺን ብቻ። ከዚያ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ እስክድን ታገሡኝ እንላቸዋለን።"

"እሺ" አለ። እሺ ብሎ ተኛ።

በነጋታው ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ እስከ መጨረሻው ሰማት። ስትጨርስ ብዙም አልተቆጣም፤ የደከመው ይመስል ነበር።

"ያኔ ቢጫው ይሻላል አልሽ፣ ዛሬ ሦስተኛው ነው ትያለሽ። ያኔ አላየሁም አልሽ፣ ዛሬ አይቼ ነው የደበቅሁት ትያለሽ። እኔ የትኛውን ዓይንሽን ልመን?" ከዚያ ወደ ባሏ ዞረ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ያን ቀን ልዩነቱ ታይቶዎት ነበር? አልታየኝም ካሉኝ የእሷ ቃል እውነት ነው ማለት ነው፤ ስለ ሕክምናውም እንነጋገራለን።"

በሩ ክፍት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ከማቅለሚያ ክፍል የመጡ ሁለት ሰዎች ቆመው ጆሯቸውን ጥለዋል። ቀላሚው ዞሮ አያቸው። ዓይናማ በክርኗ ጎኑን ነካ አደረገችው።

"ታይቶኛል" አለ። "የማልኩት በዓይኔ ነው፣ ቃሌን አላጥፍም። ዓይኔ ጤነኛ ነው። እሷ ከሥራ ከወጣች ወዲህ መንፈሷ ተረብሿል፤ አይፍረዱባት።"

አይፍረዱባት አለ፣ ልብ በሉ።

ሥራ አስኪያጁ "እንግዲያው ዓይንዎ ጤነኛ ከሆነ ያ ሁሉ ጨርቅ የተበላሸው በስንፍና ነው፤ ከነገ ጀምሮ መጋዘን ይገባሉ" አለው። ቀላሚው አልገባም ብሎ የማቅለሚያ ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ። ቤት እስኪደርሱ የሚያወራው እሱ ብቻ ነበር። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሌላ ማቅለሚያ ቤት አለ፣ ቀላሚ ይፈልጋሉ፣ እዚያ ሰው ያውቃሉ፣ ነገ ጠዋት ሄዶ ያናግራቸዋል። ስለ "ታይቶኛል" አንድ ቃል አልተነፈሰም። እሷም አልጠየቀችውም።

በነጋታው ራስጌው የተጣጠፈ ካልሲ አልነበረም። መሳቢያውን ጎርጉሮ ሁለት አወጣና አጠለቀ። ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን ወለወለ፣ ጸጉሩን በውሃ አበጠረ። ከዚያ እንደ ልማዱ መጥቶ ፊቷ ቆመና የሱሪውን ጫፍ ከፍ አደረገ።

"ልክ ነው?"

መጋረጃው ተከፍቷል፣ የጠዋት ብርሃን እስከ እግሩ ደርሷል። አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ሰማያዊ። ቀላሚ ሊቀጥር የተቀመጠ ሰው ደግሞ የመጣውን ሰው ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሳያይ አይቀርም። ዓይናማ ጥቅል እንደምታይ አድርጋ፣ ሳትቸኩል፣ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ትከሻውን በመዳፏ መታ አደረገች።

"ልክ ነው" አለችው፣ በሩንም ከፈተችለት። ደጁ ፀሐይ ነበር።